ቁልፉ ፍሪጅ ውስጥ ነው

በእኛ ቤት ዘፈን የሚቀዳው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዘፈን ከመቀዳቱ በፊት ደግሞ ቤቱ መሞት ነበረበት። «እስቲ ቤቱን እንግደለው» የሚለው ጋሼ ነው። ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር፤ የሚተኛውም ሳሎን ሶፋው ላይ ነው።

እናቴ የግድግዳውን ሰዓት አውርዳ በፎጣ ትጠቀልልና የልብስ ሳፋው ውስጥ ትቀብረዋለች። ጋሼ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሥር ስፖንጅ ያስቀምጣል፤ ጠብታው እንዳይሰማ። መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ይሰቀላል። በመጨረሻ ፍሪጁ ይነቀላል። አሮጌ ፍሪጅ ነበር፤ ቀን ከሌት ያንኮራፋል፤ ሲነቀል አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሦስታችን ትንፋሽ ብቻ ይቀራል።

ጎረቤት ዘው ብሎ እንዳይገባ እናቴ የውጭውን በር ከውስጥ ትቆልፋለች። ቁልፉን ግን በሩ ላይ አትተወውም። ፍሪጁን ከፍታ እንቁላል የሚደረደርበት ቦታ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ለምን እዚያ ታስቀምጪዋለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ቁልፉ ፍሪጅ ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም» አለችኝ፤ ቸኩላ ነበር።

ሰባት ዓመቴ ነው። ፍሪጅ ወተት እንዳይበላሽ እንደሚያደርግ አውቅ ነበር፤ ለካ ሰውም እንዳይሄድ ያደርጋል። ነገሩን አሰብኩበት። አባቴ ሻንጣውን ይዞ የወጣ ቀን ቁልፉ ፍሪጅ ውስጥ አልነበረም፤ በሩ ላይ ተሰክቶ ነበር። ስለዚህ ትክክል ነው አልኩ።

ትልቅ ሰው ስሆን እውነቱን ሰማሁ። አንድ ቅዳሜ ፍሪጁን መልሰው መሰካት ረስተው የሳምንት ምግብ ተበላሽቶባቸዋል። ጋሼ ከዚያ በኋላ ያመጣው ዘዴ ነው፤ መውጣት የፈለገ ሰው ቁልፉን ለማንሳት ፍሪጁን መክፈቱ አይቀርም፤ ሲከፍተው መብራቱ አይበራም፤ ያኔ ትዝ ይለውና ይሰካዋል። እናቴ የነገረችኝ ግማሹን ነው። የቀረውን ግማሽ እኔ ከራሴ ሞላሁት።

እናቴ ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ትሸጥ ነበር። ጋሼ ሬዲዮ ይጠግናል። ዘፈኖቹን የምትጽፈውና የምትዘፍነው እሷ ናት፤ ጊታሩና ባለ አራት መስመሩ መቅጃ ቴፕ የእሱ ናቸው። ያን ቴፕ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የተጣለ ዕቃ መሐል አንስቶ ሦስት ወር ሲጠግነው ከርሟል። የቴፑን ቁልፎች ተጭኖ እየተጣደፈ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ካሴቱ መዞር ጀምሯል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዘፈን መጀመሪያ ላይ የእነሱ ወሬ አለ። «እግርህን አንሳ፣ ረገጥከኝ»፣ «እናትሽ ትርገጥሽ»፣ «እናቴን ተዋት፣ ያንተም ናት»። ለገበያ ሲባዛ ጋሼ ያን ወሬ ይዘለዋል። የሚባዛውም ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለት ካሴት በሚያስገባ ቴፕ፣ አንድ በአንድ። ሽፋኑን ከታች ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ያነሣልናል፤ እኔ አጥፌ እከታለሁ። ጥርት ያለ ዘፈን የለመደ ሰው «ይሄ ምኑ ዘፈን ነው» ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ግን ከሱቁ መስታወት ሥር ደርድሮ ይሸጥልን ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም «የእህትና ወንድሙ ካሴት ወጣ ወይ?» እያሉ ይጠይቁታል።

ያን ቅዳሜ ስነቃ የጋሼ ቦርሳ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሁለቱ ወጥ ቤት ሻይ ይጠጣሉ።

«መኪናው በስንት ሰዓት ነው?» አለች እናቴ።

«ስድስት ሰዓት። ከታች ሆነው ጡሩንባ ይነፋሉ።»

«እንግዲህ የመጨረሻዋን ዘፈን እንቅዳና ትሄዳለህ። እንዳለቀች ቁልፉን አውጥቼ እከፍትልሃለሁ።»

«እትዬ፣ አሁንም ቅር ካለሽ...»

«እኔ ምን ቅር ይለኛል? ከእንደዚህ ያለ ትልቅ ድምፃዊ ኋላ መቆም ስንቱ ይመኘዋል። ሂድ። እዚህ ምን ይቀርብሃል?»

ጋሼ የሻዩን ብርጭቆ አዞረው። «እዚያ እኮ የሰው ዘፈን ነው የምጫወተው። በየከተማው፣ ያንኑ አሥራ አምስት ዘፈን።»

«በደንብ የተቀዳ ዘፈን ትጫወታለህ። ፍሪጅ ሳትነቅል።»

ጋሼ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እኔ በሩ ሥር በካልሲ ቆሜ እናቴ ወንድሟን እያባረረችው እንደሆነ ገባኝ። «ሂድ» ያለችው አባቴን ባለችበት ድምፅ ነበር፤ ልክ ሸቀጥ ለሚያቀብል ሰው እንደሚነገር፣ ቀጥ ብሎ።

ዛሬ ያን ድምፅ በሌላ መንገድ እሰማዋለሁ። ብትለምነው ኖሮ ይቀር ነበር፤ ቀርቶም ዕድሜ ልኩን «እህቴ አስቀረችኝ» ይል ነበር። ይህን ስለምታውቅ ልመናዋን ዋጠችው። በሰባት ዓመቴ ግን የዋጡት ነገር ድምፅ እንደሌለው አላውቅም ነበር።

ቤቱን መግደል ጀመሩ። ሰዓቱ ተቀበረ፤ ፍሪጁ ተነቀለ፤ በሩ ተቆለፈ፤ ቁልፉ የእንቁላሉ ቦታ ተቀመጠ። ሁለቱ ብርድ ልብስ ሊሰቅሉ መኝታ ቤት ገቡ። ጊታሩ ሶፋው ላይ በጀርባው ተኝቷል።

ፍሪጁን ከፈትኩ። ቁልፉ ገና ሞቅ ያለ ነበር፤ ከእናቴ እጅ የቀረ ሙቀት። እንደማስበው ከሆነ ፍሪጁ ጋሼን ሊያስቀረው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን እናቴ ራሷ «አውጥቼ እከፍትልሃለሁ» ብላለች። ፍሪጅን ማንም ይከፍተዋል። ማንም የማይከፍተው ነገር ያስፈልጋል። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የጊታሩ ክብ ቀዳዳ ጥቁር ነበር፤ እንደ ጉድጓድ። ጋሼ ቤቱን ቢያፈርስ ያፈርሳል እንጂ ጊታሩን አይሰብርም። በክሮቹ መሐል ቁልፉን አሾልኬ ለቀቅኩት። አንዴ ኳ አለና ዝም አለ።

ወደ ወጥ ቤት ሮጬ በሩን ዘጋሁና ከተነቀለው ፍሪጅ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ቴፑ ቀጭ ሲል ነው። ቀጥሎ የጋሼ እርምጃ፣ ወንበሩ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ኮርድ። አብሮት ዝርርር የሚል ነገር ወጣ፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ይመስል ነበር። ጊታሩ ሲገላበጥ ሰማሁ። ከዚያ ሁለቱ በለሆሳስ ተነጋገሩ፤ በሩም ብርድ ልብሱም ስላፈነው አንድ ቃል አልያዝኩም። ቀጥሎ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ዘፈኑም ተጀመረ።

ዘፈኑ ስለ ምን እንደነበር ያኔ አልገባኝም። ጊታሩ ከሥሯ ዝርርር እያለ እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ትዘፍናለች፤ ድምፅዋ ከወትሮው የከበደ ይመስል ነበር። አንድን ዘፈን አምስት ስድስት ጊዜ ካልደገሙ የማይወጡ ሰዎች ያን ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ዝም አሉ። «በቃ» አለ ጋሼ። «በቃ» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ ቁልፉን ለመፈለግ የተነሣ ሰው አልነበረም። ገና ግማሽ ሰዓት ያህል ነበረው። ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይሞርዳል፤ እናቴ ብርድ ልብስ ታጥፋለች። ይህን አይቻለሁ፤ ግን ምንም አልመሰለኝም። ጡሩንባው ከታች ሲነፋ ነው እናቴ ፍሪጁን የከፈተችው።

«ቁልፉ የለም» አለች።

«እንዴት የለም?» አለ ጋሼ፤ ከሶፋው ሳይነሣ።

ትራሱ ተገለበጠ፤ ምንጣፉ ተነሣ። ሌላው ቁልፍ ዱሮ በጋሼ እጅ ጠፍቷል፤ ስለዚህ በሩን የሚከፍት ነገር ቤት ውስጥ አልነበረም። ጋሼ በረንዳ ወጣ። እኔም በእግሩ መሐል ሾለክሁ። ከታች ትንሽ አውቶቡስ ቆማለች፤ መነጽር ያደረገ ሰውዬ አንገቱን ወደ ላይ አንጋጧል።

«ውረድ እንጂ፣ ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው።»

«ቁልፍ ጠፍቶብን ነው። ተቆልፎብናል።»

«ታዲያ ዝለላ።»

«ሁለተኛ ፎቅ እኮ ነው።»

«ጊታሩን ወርውረው፣ እቀልበዋለሁ። አንተን ግን አልችልም፤ ወፍረሃል።»

አውቶቡሷ ውስጥ ያሉት ሳቁ። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ራሷን በመስኮት አውጥታ «አናጺውን ልጥራላችሁ?» አለች።

«ምሳ ላይ ነው፤ አትረብሺው» አለ ጋሼ።

ባለመነጽሩ ሰውዬ ሰዓቱን አየ። አንድ ሲጋራ አጨሰ፤ ሌላ ለኮሰና ግማሹን ጣለው። «እንግዲህ ዕድልህ አይደለም፣ ወንድሜ» ብሎ ገባ። አውቶቡሷ ስትታጠፍ ጋሼ እጁን አነሣ፤ የሚሰናበት ሰው እንጂ የሚያስቆም ሰው አነሣስ አልነበረም።

አልሄደም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ወለሉ ውሃ ሆኗል። ፍሪጁን የሰካው ሰው አልነበረምና በረዶው ቀልጦ ወርዷል። እናቴ ተንበርክካ በጨርቅ ታፍሳለች። እያለቀሰች ነበር። ሥጋውና ቅቤው እንደተበላሸባት ገባኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ጋሼ ባልዲውን ይዞላታል። «በቃ እትዬ» ይላል፤ «በቃ፣ ቀረሁ አይደል?» ለተበላሸ ሥጋ እንዲህ ዓይነት ማጽናኛ ተሰምቶ አይታወቅም፤ እኔ ግን ሥጋ እንዳስለቀሳት አምኜ አሥር ዓመት ኖርኩ።

አመሻሽ ላይ ጋሼ «ቁልፉ ተገኘ» አለ። «ከሶፋው ሥር።» መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «አለቃ፣ ሂድና በሩን ክፈት።» አለቃ ነው የሚለኝ። ጊታር ውስጥ የከተትኩት ቁልፍ ከሶፋ ሥር እንዴት እንደተገኘ ተገረምኩ። በቀዳዳው ሾልኮ ወድቆ ይሆናል አልኩ። ነገሩ ተሸፈነልኝ ብዬ በሩን ከፈትኩ።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ነው መሸፈኑ የቀረው። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ያ ትልቅ ድምፃዊ ሲዘፍን አየሁ። ከኋላው አንድ ጊታር ተጫዋች ቆሟል፤ ነጭ ኮት ለብሷል፤ በመጨረሻ ድምፃዊው ስሙን ጠርቶ አስጨበጨበለት። ጎረቤታችን «ያ ቦታ የአጎትህ ነበር እኮ፣ መኪና አምልጦት ነው» አለኝ። ጋሼ በዚያው ሰዓት ሱቁ ውስጥ አጎንብሶ የሰው ሬዲዮ ይበይዳል።

ከዚያ በኋላ ጋሼን ባየሁት ቁጥር ያ ነጭ ኮት ይታየኛል። እሱና እናቴ በሃያ ዓመት ውስጥ አሥር ካሴት አወጡ፤ አሥሩም እቤት ተቀዱ፤ አሥሩም ፀጉር አስተካካዩ ጋ ተሸጡ። ያቺ የቅዳሜዋ ዘፈን ከሁሉ በላይ ተወደደች። አንድ የተማሪዎች መጽሔት «ያ የሚንዘረዘረው ጊታር» ብሎ ጻፈ። ጊታራቸው ውስጥ ሳንቲም ጥለው የሚጫወቱ ልጆች መጡ። ዘፈኗን «ንብዋ» የሚሏት አድማጮች ጋሼን መድረክ ላይ «ንብዋን ተጫወትልን» ሲሉት «እሷ አትደገምም» ብሎ ያልፋታል። እኔ ግን ዝርርር ባለ ቁጥር ስሜ የተጠራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ፊዚክስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ስለ ንዝረት ሳስተምር ባዶ ሣጥን ውስጥ የተጣለ ብረት ሣጥኑን የያዘው እጅ ላይ እንዴት እንደሚሰማ አስረዳለሁ። አንድም ዓመት ግን ያን ጊታር ከዚህ ጋር አላያያዝኩትም።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ዋናዎቹን ካሴቶች ጫማ ካርቶን ውስጥ አገኘኋቸው። ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ውጭ በራሳቸው አቅም የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች ዘፈኖቹን አንድ አልበም አድርገው ሊያወጡ ጠየቁን፤ ጋሼም «ልጁ ይወስን» አላቸው። ካርቶኑን ይዤ እነሱ ወዳገኙልኝ ድምፅ ቀጂ ሄድኩ። ገና ሃያ አምስት የማይሞላት ልጅ ናት፤ ክፍሏ የእኛን ቤት ሙት መኝታ ክፍል አስታወሰኝ፤ እዚህ ግን ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል እንጂ ብርድ ልብስ የለም። የቅዳሜዋን ካሴት አስገባች።

«መጀመሪያው ላይ ወሬ አለ» አለች። «ልቁረጠው ወይስ ትሰማዋለህ?»

«እስቲ ልስማው።»

የወንበር ድምፅ። ኮርዱ። ዝርርር። ጊታሩ ሲገለበጥ።

«ቁልፉ ነው» አለ ጋሼ፤ በሠላሳ ዓመት ዕድሜው ድምፅ።

«ልጁ ነው» አለች እናቴ። «ብርድ ልብሱን ስንሰቅል፣ ሲከት በመኝታ ቤቱ መስታወት አይቼዋለሁ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ምን ልበለው? አሁን አውጣው፤ መኪናው ይመጣብሃል።»

«ተይው።»

«ተይው ማለት?»

«ተይው ማለት ነዋ። በሩ ተቆልፎብኝ ቀረሁ እላቸዋለሁ።»

«ልጁ ላይ ልታሳብብ ነው?»

«ልጁ ላይ አይደለም። በሩ ላይ ነው።»

ቴፑ ባዶውን ይዞራል። ቀጂዋ በዚህ ቦታ ላይ ወደ እኔ ሳትዞር የማታስፈልጋትን አንዲት ማብሪያ ትነካካ ነበር።

«እሺ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ተሰብሯል፤ ወጥ ቤት ሆኜ የከበደ ያልኩት ድምፅ ይሄ ነው። «ግን ንገረው። ሲያድግ ንገረው፤ እኔ ነኝ ብሎ እንዳይዝ።»

«እነግረዋለሁ። ቴፑ እየዞረ ነው?»

«እየዞረ ነው።»

ጉሮሮዋን ጠረገች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሱቅ ሄድኩ። መንገድ ላይ ተናድጄ ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመት የእኔ ያልሆነ ዕዳ ስከፍል ኖሬ ባለዕዳው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጥቁር ሻይ ይጠጣል። ያ ጊታር ከኋላው ተሰቅሏል።

«ጋሼ፣ ቁልፉ ጊታሩ ውስጥ እንደነበረ አውቀህ ነበር።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሆዱ ውስጥ ቁልፍ መኖሩን ያላወቀ ሰው ምኑን ጊታር ተጫወተ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን?»

«ያስቀረሁህ እኔ እንዳልሆንኩ። ያን ነጭ ኮት ያጣኸው በእኔ እንዳልሆነ።»

ፊቱ ተለወጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ መሰለኝ። «አንተ ይህን ታስበው ነበር?» አለ። «የሰባት ዓመት ልጅ ምን ያስታውሳል ብዬ... በማግስቱ እኮ ኳስ ስትራገጥ ነበር።» ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ። «እናትህ ንገረው ብላኝ ነበር። ትልቅ ሲሆን ብዬ አቆየሁት። ትልቅ የሆንክበትን ቀን ሳላየው አለፈ።»

«ለምን ቀረህ?»

«ፈርቼ ይሁን ወድጄ እስካሁን አልለየሁትም። እሷን ትቶ መሄድ ከበደኝ፤ የሰው ዘፈን መጫወትም አስጠላኝ፤ አዲስ ሰዎችም ፈራሁ። ሁሉም አለበት። በራሴ አፍ አልሄድም ለማለት ወኔ አልነበረኝም። አንተ ስትመጣልኝ...» ሳቅ አለ። «ከዚያ በኋላ ግን ተጸጽቼ አላውቅም። አንድ ሁለቴ ካልሆነ። ያ ሰውዬ ኮቱን ባሳየበት ቀን ትንሽ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

«ያ ቁልፍ አሁን የት ነው?» አልኩት።

«ቤቱን ስንለቅ ለአከራዩ መለስነዋ። ምን ልናደርገው ነው?»

አልበሙ ሲወጣ ሁለቱ ወጣቶች ትንሽ ዝግጅት አስበዋል፤ ጋሼ የቅዳሜዋን ዘፈን ካልተጫወተ አይሆንም ብለዋል። እንደተለመደው አትደገምም ብሎ መልሷቸዋል። አሁን ግን ብድግ ብሎ ጊታሩን አወረደ። አቧራውን በክርኑ ጠረገ። የሱቁን ሬዲዮ አጠፋ፤ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ነቀለ፤ ወጥቶ የሱቁን መዝጊያ ገፋ አድርጎ ዘጋው። ጎዳናው ራቀ።

«የቤትህን ቁልፍ አምጣ እስቲ» አለኝ።

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። በክሮቹ መሐል አሾልኮ ለቀቀው። ኳ አለ።

«ተቀመጥ፣ አለቃ» አለ ወንበሩን እየሳበ። «አሁን የትም አትሄድም።»